መብራቱ ለፍሬቻው ሲጨፍር

ድሮ መኪና ውስጥ መብራት የሚበራው በር ሲከፈት ነበር። ሰው ሲገባ ይበራል፣ በሩ ሲዘጋ ይጠፋል፤ ከዚያ በላይ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ያቺ ትንሽ አምፖል ሥራዋን የምታውቅ ጨዋ ነበረች። ፖዘቲቩ ሁልጊዜ ደርሷት ትጠብቃለች፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ ከበሩ ጥግ ያለችው ጉብ ያለች ቁልፍ ማሳ ትሰጣታለች፤ ትበራለች። ማሳ የምለው የመኪናውን ብረት ራሱን ነው፤ የባትሪው ኔጌቲቭ የታሰረበትን፣ የመብራቱም የሞተሪኖውም የጡሩምባውም ኮረንቲ ወደ ባትሪ የሚመለስበትን። የዘንድሮ ልጆች «ግራውንድ» ይሉታል። ያሻቸውን ይበሉት፤ ብቻ አስረውት ቢሆን!

ዘንድሮማ መብራቱ የሚበራው በር ስለተከፈተ ሳይሆን ከበሮ ስለተመታ ነው። ከወንበሩ ሥር፣ ከክሩስኮቱ ግርጌ፣ ከኋላ ከስፒከሩ ሳጥን ዙሪያ ሰማያዊ ጥብጣብ ይለጠፋል፤ ሙዚቃው ዱም ሲል ቦግ፣ ዝም ሲል እልም። ቪትዙም እንዲሁ፣ ባጃጁም እንዲሁ፣ ሚኒባሱም እንዲሁ። ሰማያዊ ኤልኢዲን ለወግ ለማዕረግ ያበቁት ሦስት የጃፓን ተወላጆች እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ትራንዚስተርን ያስገኙት ሦስት አሜሪካውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1956 ተሸልመዋል። ስድስት የኖቤል ተሸላሚዎች ተባብረው የእህቴን ልጅ የእግር ምንጣፍ ያበራሉ። ማሳውን ግን ከስድስቱ አንዳቸውም አያስሩለትም፤ እሱ የእኔ ዕዳ ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በመኪና ኤሌትሪክ ነው። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጡረታ ግን ለመሥሪያ ቤት እንጂ ለዘመድ አይሠራም። የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አየና መርካቶ ወርዶ ጥብጣቡንና ቲአይፒ 31 የምትባለዋን ትራንዚስተር ገዝቶ መጣ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ያጠፋንም ቀላልነቱ ነው። የጥብጣቡ ፖዘቲቭ ከ12 ቮልቱ ይገናኛል፣ ኔጌቲቩ ከትራንዚስተሯ ኮሌክተር ላይ ይታሰራል፣ ኤሚተሯ ማሳ ላይ ይሆናል። ከስልኩ ወደ ሬዲዮው ከሚገባው ገመድ ላይ አንድ ሽቦ ተቀጥሎ ቤዟ ላይ ይደርሳል። ሙዚቃው ቤዟን በገፋት ቁጥር ትከፍታለች፣ ጥብጣቡ ይበራል። ያለቻት ሦስት እግር ናት እንግዲህ። በሦስት እግር ስንት ጥፋት ይሠራል ትላላችሁ?

መጀመሪያ የጠራኝ «ጋሼ፣ መብራቱ ይሠራል፤ ሙዚቃው ግን ይነጫነጫል» ብሎ ነው። ወገቤን ይዤ ከቪትዙ ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ገባሁ። ማሳውን የት አሰርከው? ስለው «እዚህች ብሎን ላይ» አለኝ፣ በኩራት። ብሎኗ የጎን ሽፋኑን የምትይዝ ናት። ሽፋኑ ፕላስቲክ ነው። ብሎኗ የተነከሰችበትም ፕላስቲክ ነው። የእናቱ ልጅ ፕላስቲክ ላይ ማሳ አስሯል!

«ታዲያ እንዴት በራ?» ብሎ ሞገተኝ። ከባትሪ የወጣ ኮረንቲ ሳይመለስ አያድርም። ማታ መመለሻ ታክሲ ያጣ ሰው ያገኘው መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ቤቱ እንደሚገባው፣ እሱም ያገኘውን ይዞ ይመለሳል። የልጁ ኮረንቲ ያገኘው የድምፁን ገመድ መጠቅለያ ነበር፤ ያንን ከኤሚተሯ ጋር አብሮ ያሰረውን፣ ከውጭ የሚጠመጠመውን ስስ መዳብ። በሜትር 60 መብራት ያለው ጥብጣብ 14.4 ዋት ገደማ ይበላል፤ በ12 ቮልት 1.2 አምፔር ማለት ነው። እሱ ሁለት ሜትር ለጥፏል። እንግዲህ ከ2 አምፔር በላይ የሆነ ኮረንቲ፣ ከበሮው በተመታ ቁጥር እየተቆራረጠ፣ ለሹክሹክታ በተሠራች ክር ላይ ተሳፍሮ የሬዲዮው ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በሬዲዮው ማሳ በኩል ወደ ባትሪው ይሄዳል። ሙዚቃው ታዲያ ለምን አይነጫነጭ? ገመዱን ስነካው ሞቋል። ትንሽ ቢቆይ ሬዲዮው ውስጥ ያለችው ቀጭን የማሳ መስመር ተቃጥላ ያርፍ ነበር።

ብረት ላይ እሰር ብዬው ቤቴ ገባሁ። አሰረ። ግን ቀለም ላይ! ያውም የኋላ መብራቱ ማሳ ከታሰረበት፣ ዝገት ከጀመረው ብሎን ጋር ደርቦ። «ጥፋተኛው የድምፁ ገመድ መጠቅለያ ነው አላሉም?» ብሎ እሱንም ቆርጦ ጥሎታል። እኔ ጥፋተኛ ያልኩት ገመዱን ነበር? ዘንድሮ ሰው የሚሰማው የዓረፍተ ነገሩን ግማሽ ነው።

ወዲያው ስልክ ተደወለ። «ጋሼ፣ ፍሬቻ ሳበራ መብራቱ ይጠፋል።» ሄጄ አየሁት። እውነትም ፍሬቻው ቦግ ሲል ሰማያዊው እልም ይላል፣ ፍሬቻው ሲጠፋ ሰማያዊው ቦግ ይላል። ሙዚቃውን ረስቶ ለፍሬቻው ይጨፍራል! ፍሬን ሲያዝማ ጭራሽ ያርፋል። የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው እያዩ «አሪፍ ነው፣ እንዲህ እንዲሆን እንዴት አደረግከው?» ይሉታል። እሱም ዝም ብሎ ምስጋናውን ይቀበላል።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። የፍሬቻ አምፖል 21 ዋት ነው፤ 1.75 አምፔር ይስባል። ማሰሪያው በቀለምና በዝገት ተጨናንቆ አንድ ኦም እንኳ ቢያግድ፣ ያ ብሎን ማሳነቱ ይቀርና ከእውነተኛው ማሳ 1.5 ቮልት ገደማ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ኤሚተሯም አብራው ትወጣለች። ከስልኩ የሚመጣው ድምፅ ግን መለኪያው ፊት ያለው የሬዲዮው ማሳ ነው፤ እሱ እታች ነው። ትራንዚስተሯ እንድትከፍት ቤዟ ከኤሚተሯ በ0.7 ቮልት ገደማ መብለጥ አለባት። ኤሚተሯ ሰገነት ላይ ወጥታ ቤዟ ምድር ቤት ከቀረች ምኑን ትከፍታለች? ሽቦው አልተበጠሰም፣ ዕቃው አልተቃጠለም፤ ሁለት «ማሳ» አሉ፣ ሁለቱም አይስማሙም፤ አለቀ።

ይህን ሁሉ ሳስረዳው ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ማሳው ደህና ነው። በቴስተር አይቼዋለሁ፣ ጢጥ ብሏል።»

ጢጥ! ከዚህ ዘመን ነገሮች ሁሉ እንደዚህች ጢጥታ የሚያንገበግበኝ የለም። ቴስተሩ ጢጥ ለማለት የሚልከው ኮረንቲ ከቁጥር የማይገባ ነው። አሥራ ዘጠኝ ክሩ ተበጥሶ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦም ጢጥ ያሰኛል። በዝገት ውስጥ አንዲት ነጥብ ብረት ከተነካካችም ጢጥ ይላል። ጭነቱ ሲመጣ ነው ሐቁ የሚታየው። ማሳ የሚፈተነው ዕቃው በርቶ፣ ኮረንቲው እየሄደ፣ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጎ ነው፤ አንዱን ጫፍ ማሳ የተባለው ብሎን ላይ፣ ሌላውን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራሱ ላይ። ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ ይሁን። 0.2ን ካለፈ ብሎኑ ይዋሻል። የቪትዝ ባትሪ ፊት ነው፣ መብራቱ ኋላ፤ የቴስተሩ ሽቦ ደግሞ ክንድ አይሞላም። ስለዚህ ረጅም ሽቦ መቀጠል ያስፈልጋል። ልጁ «ይህን ሁሉ ከምንጎትት…» ብሎ ጀመረ። ጎትት አልኩት። ጎተተ። ፍሬቻው ቦግ ባለ ቁጥር ቁጥሩ ከአንድ ቮልት ተኩል በላይ እየዘለለ ሲወርድ ዐይኑ ፈጠጠ። ጢጥታዋን ያን ቀን የት እንደጣላት እንጃ።

ከዚያ በኋላ ያለው የድሮ ሥራ ነው። ብሎኑ ወጣ፣ ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብረቱ ብልጭ እስኪል ድረስ ተጠረገ፣ ሽቦው በካፖኮርዳ ተጨመቀ፣ ጥርስ ያላት ሮንዴላ ገባች፣ ጠበቀ፣ ላዩ ላይ ዝገት እንዳይመለስ ቫዝሊን ተቀባ። ልጁ ግን ሽቦውን እያጠማዘዘ ናስትሮ ሊጠቀልልበት ነበር። በዘመናችን ናስትሮ የሥራው መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነበር፤ አሁን ሥራው ራሱ ናስትሮ ሆኗል።

እኛ ማሳን የተማርነው በቮልስ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የተሠሩት ቮልሶች 6 ቮልት ነበሩ። 30 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 2 ተኩል አምፔር ሲበቃው፣ በ6 ቮልት 5 አምፔር ይፈልጋል። ስለዚህ ያው የዛገ ማሰሪያ የሚበላው ቮልት እጥፍ ይሆናል፤ ያውም ራሱ በግማሽ ካነሰ ቮልት ላይ። 12 ቮልት ላይ ትንሽ ደብዘዝ የሚያደርግ ዝገት፣ 6 ቮልት ላይ መንገዱን አጨልሞ ገደል ይከታል። ካምቢዮውን ከአካሉ ጋር የምታገናኝ ጥልፍ የመዳብ ማሰሪያ ደግሞ ነበረች። እሷ ከተበጠሰች የሞተሪኖው ኮረንቲ በፍሪሲዮን ገመድ፣ በነዳጅ መስጫው ገመድ ይመለሳል። ሞተር ለማስነሳት ስትሞክር የነዳጁ ገመድ ይግላል፤ ሰው ካርቡሬተሩን ፈቶ ሲቀጥል ይውላል፣ ጥፋቱ ያለው አንዲት ብሎን ላይ ነው። ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችውም ቮልስ ነበረች። ያን ቀን ማሳዋ ላልቶ ቢሆን ኖሮ አብዮቱ በግፊያ ይጀመር ነበር።

ማሳው ተስተካከለ፣ እፎይ አልን። የእኛ ቤት እፎይታ ዕድሜው አጭር ነው። ልጁ ትራንዚስተሯ እንደምትሞቅ አየ። ትሞቃለች፤ ከ2 አምፔር በላይ ተሸክማ እንዴት አትሞቅ? የመጨረሻ አቅሟ 3 አምፔር ነው። ማቀዝቀዝ ማሰቡ ደግ ነበር። ያደረገው ግን ምን መሰላችሁ? ጀርባዋ ላይ ባለችው ቀዳዳ ብሎን አስገብቶ በቀጥታ ከመኪናው ብረት ጋር አጣበቃት። የዚህች ትራንዚስተር ጀርባ ደግሞ ባዶ ብረት አይደለም፤ ከኮሌክተሯ ጋር አንድ ነው። ኮሌክተሩ ማሳ ሲነካ ሙዚቃም አያስፈልግ፣ ከበሮም አያስፈልግ፣ ትራንዚስተርም አያስፈልግ። መብራቱ በርቶ ይቀራል።

በርቶም ቀረ፤ ግን መቼ? ጎረቤት ሰው ሞቶ ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ! ሬዲዮውን ገና ከቤት ስንወጣ አጥፍተነዋል። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ቪትዟ ከውስጥ ሰማያዊ ሆና ታበራለች። ኩታዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ከዚያ ውስጥ ስወርድ በረንዳ ላይ የተቀመጡት አባቶች አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩኝ። አጥፋው! አልኩት በሹክሹክታ። «ማጥፊያ የለውም፤ ሙዚቃው ሲቆም ራሱ ይቆማል ብዬ ነው» አለኝ። ፖዘቲቩን በቀጥታ ከባትሪው ነው ያመጣው። ፊውዝ ግን ነበረው፤ እኔ ነኝ በግድ ያስገባሁት፤ እድሜ ለፊውዝ። ኮፈኑን ከፍቼ፣ ኩታዬ ሞተሩን እንዳይነካካ በጥርሴ ይዤ ነቀልኩት። አንዱ ሽማግሌ መጥተው «ምን ሆናችሁ ነው?» ሲሉኝ «ማሳ ነክቶብን ነው» አልኳቸው። «እግዜር ያጽናችሁ» ብለውኝ ተመለሱ።

ትራንዚስተሯን ፈትተን፣ ከአንድ አሮጌ ካውያ ሆድ ማይካ አውጥተን በእሷና በብረቱ መካከል አስገባን፤ ብሎኗንም ብረቱን እንዳትነካ የፕላስቲክ ቀለበት አለበስናት። ሙቀቱ ያልፋል፣ ኮረንቲው አያልፍም።

አሁን ወደ ክፉው ልመጣ ነው። የሰፈራችን አንድ አዋቂ ነኝ ባይ፣ የኔ ልጅ ከስልክ መጥለፍ ምን ያደርግልሃል፣ ስፒከሩ እዚሁ አጠገብህ አይደል? ከስፒከሩ ውሰድና ጥቁሩን የስፒከር ሽቦ ማሳ ላይ እሰረው አለው። ልጁም ሽቦውን ልጦ ብሎኑን ሊፈታ ጎንበስ እንዳለ ደረስኩ። ጩኸቴን የሰማች እህቴ ከቤት ወጥታ «ማን ሞተ?» አለች።

የድሮ ሬዲዮ ቢሆን ሰውዬው ልክ ነው፤ የስፒከሩ አንድ ጫፍ ማሳ ነበር። የዛሬዎቹ የመኪና ሬዲዮኖች ግን አብዛኞቹ ስፒከሩን ከሁለት በኩል ነው የሚነዱት። አንዱ ሽቦ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ በዚህ ዘዴ ከዚያው 12 ቮልት የበለጠ ኃይል ያወጣሉ። ዝም ባሉበት ሰዓት እንኳ ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ከማሳ ጋር ሲለኩ የባትሪውን ግማሽ፣ 6 ወይም 7 ቮልት ገደማ ያሳያሉ። ጥቁሩን ሽቦ ማሳ ላይ ማሰር ማለት የማጉያውን አንድ ክንድ በቀጥታ ማሳ ላይ መጣል ነው። መከላከያ ያለው ሬዲዮ ዝም ይላል፤ የሌለው ይጨሳል። ቴስተር ማንሳት ያልፈለገ ሰው፣ ጥቁር ሽቦ ሁሉ ማሳ ይመስለዋል። ያ መካሪ ዛሬም ሰፈር ውስጥ ይመክራል፤ እንዳየሁት ግን ራሱ መኪና የለውም።

የቀረው የዲናሞው ዘፈን ነበር። የቆረጠውን የድምፅ ገመድ መጠቅለያ ከኋላ ማሳ ጋር መልሰን ስናገናኘው፣ ሞተሩ ሲነሳ ስፒከሩ «ዊ…» ማለት ጀመረ። ነዳጅ ሲሰጡት ዜማው ይቀጥናል፣ ሲለቁት ይወፍራል። ልጁ ስፒከሩ ተበላሸ ብሎ አዝኖ ነበር። መጠቅለያው ከፊትና ከኋላ ሁለት ቦታ ማሳ ላይ ታስሮ፣ በሁለቱ መካከል ባለችው ጥቂት ልዩነት የዲናሞው ኮረንቲ በድምፁ ገመድ ይመላለሳል፤ ዜማው እሱ ነው። ከኋላ ያለውን ማሰሪያ ፈትተን ወፍራም ሽቦ በምንጣፉ ሥር ወደ ፊት ዘረጋንና ሬዲዮው ማሳ ያገኘበት ብሎን ላይ ሁሉንም አንድ ላይ አሰርናቸው። ዲናሞው ዝም አለ።

በስተመጨረሻ ሁሉም ሠራ። ፍሬቻው ለብቻው፣ ፍሬኑ ለብቻው፣ መብራቱ ለሙዚቃው። እስቲ ጥላሁን ገሠሠን ክፈትልኝ አልኩት፣ ለድካሜ። ከፈተ። ለሰው ልጅ ጆሮ በሚስማማ ልክ፣ ቀስ ብሎ። መብራቱ ጭል አላለም። ልጁ ድምፁን ጨመረ፣ ጥቂት ጭል አለ። ደግሞ ጨመረ፤ መስታወቱ ሲርገበገብ ጊዜ ሰማያዊው ቦግ አለ።

ቀንስ! አልኩት።

«ጋሼ፣ ከቀነስኩት አይበራም እኮ።»

እውነቱን ነው። ያቺ 0.7 ቮልት ናት። ቀስ ብሎ የሚዘፍን ስልክ ያን ያህል አያወጣም፤ ድምፁ ሲጮህ ነው ቤዟ የምትገፋው፣ ያውም የባሱ ምት ሲመጣ እንጂ በክራሩ አይደለም። ለካ ይሄ ሁሉ ዓመት በሌሊት መስኮታችንን እያንቀጠቀጡ የሚያልፉት ልጆች ለጆሯቸው አልነበረም! ለትራንዚስተር ነው የሚጮኹት! እኛ ደግሞ ሥነ ምግባር ጠፋ እያልን በየዕድሩ ስንነጋገር ኖርን። ምልክቱን ቀድማ የምታጎላ አንዲት ትንሽ ማጉያ ከፊቷ ብትቀመጥ ኖሮ፣ በሹክሹክታም ይበራ ነበር። ይህንን ጮክ ብዬ መናገር አልነበረብኝም። ልጁ ወዲያው ስልኩን አወጣ።

«እሺ ጋሼ፣ ቅዳሜ እንሥራታ! ጓደኞቼም ባጃጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ።»

ቅዳሜ እግሬን ያመኛል አልኩት።

«የትኛውን እግርዎን?» አለኝ፣ ደፋሩ።